የዕድሩ መጽሔት የተተየበበት ማኪንቶሽ፦ የአንድ ጠጋኝ ፍለጋ የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ኮምፒውተሩ ማኪንቶሽ ኤስኢ/30 ነው። አፕል በጃንዋሪ 1989 አውጥቶ እስከ 1991 የሸጠው፣ ዘጠኝ ኢንች ጥቁርና ነጭ ስክሪኑ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ፣ ከላይ መሸከሚያ እጀታ ያለው ማሽን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤቱ በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ከ1990 እስከ 1997 የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነበሩ። የዕድሩን ቃለ ጉባኤ፣ ዜና ዕረፍትና የአባላት ግጥም የያዘውን መጽሔት በአማርኛ የተየቡት በዚህ ማሽን ነው። የታተሙት ቅጂዎች አብዛኞቹ ምድር ቤቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ተበላሽተዋል። ማሽኑና ፍሎፒዎቹ ግን ፎቅ ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለነበሩ ተረፉ። ስለዚህ የሰባት ዓመቱ ጽሑፍ በሙሉ ያለው በ40 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክና በ62 ፍሎፒዎች ላይ ብቻ ነበር።

አዛውንቱ ለልጃቸው «ኮምፒውተሩን አስጠግንልኝ» አሉት። ልጁም ቃሉን እንዳለ ይዞ ሄደ። የሚፈለጉት ነገሮች ግን ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ጽሑፉ፣ ሌላው ማሽኑ። ሁለቱን ለይቶ የጠየቀ ሰው እስኪመጣ ድረስ አራት ወር፣ 90 ዶላርና አንድ የተጎዳ ቦርድ ባክነዋል።

ሳይከፈት መብራቱ

ልጁ ማሽኑን ሳይከፍት ሶኬት ላይ ሰካው። ከሃያ ዓመት በላይ ያልበራ ኮምፒውተር እንዲህ መሞከር የተለመደ ነው፣ ብዙ ማሽንም የሚሞተው በዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ አግድም ጥቁርና ነጭ መስመሮች ተደረደሩ። ማሽኑ ሲነሣ የሚያሰማው የደወል ድምፅ አልነበረም። ሃርድ ዲስኩ ሲዞር ይሰማል፣ የማንበቢያ ክንዱ ጠቅ ጠቅ ማለት ግን የለም። ልጁ ደንግጦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አጠፋው። ያ ፍጥነቱ በኋላ ጠቅሟል።

አግድም መስመሩና የድምፁ መጥፋት አብረው ከታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች ናቸው። በዚህ ቦርድ ላይ 13 ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች አሉ፤ አሥሩ 47 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት፣ አንዱ 1 ማይክሮፋራድ 50 ቮልት፣ ሁለቱ 470 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዱ ቦርዱ ላይ ተለጥፈው ሶልደር የተደረጉ ትንንሽ የአሉሚኒየም ጣሳዎች ናቸው። ከታች ያለው የጎማ መክደኛቸው ሲያረጅ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይወጣል። የወጣው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መገናኘት የሌለባቸውን መስመሮች ያገናኛል፤ ውሎ አድሮም መዳቡን ይበላዋል። ካፓሲተሮቹ አጠገብ ያሉት የድምፅ ቺፖች ቀድመው ስለሚነኩ ድምፅ መቀነሱ የመጀመሪያው ምልክት ነው። በዓይን ሲታይ ሶልደሩ ወዙን አጥቶ ግራጫ ይሆናል፣ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ሲሞቅ የዓሣ የመሰለ ሽታ አለው።

እዚያው ቦርድ ላይ የግማሽ ኤኤ መጠን ያለው 3.6 ቮልት ሊቲየም ባትሪም አለ። ይህ ባትሪ ፈንድቶ ሙሉ ቦርድ በልቶ የተገኘበት ማሽን ጥቂት አይደለም። በዚህኛው ላይ አልፈነዳም፤ ሠላሳ ዓመት አልፎት እዚያው ተቀምጦ መገኘቱ ግን ያስደነግጣል። የድሮ ማኪንቶሽ እጁ የገባ ሰው ምንም ጠጋኝ ከመፈለጉ በፊት ይህን ባትሪ ያውጣ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠጋኞች

መጀመሪያ የሄዱት ኮምፒውተር የሚሸጥና የሚጠግን ሱቅ ነው። ሠራተኛው በአክብሮት ተቀብሎ አልችልም አለ። ትክክለኛ መልስ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር ጥገና የሚባለው በአብዛኛው ክፍል መቀየርና ሶፍትዌር መጫን ነው፣ ለ1989 ማሽን ደግሞ የሚቀየር አዲስ ክፍል የለም። በነገራችን ላይ «ቪንቴጅ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያሳስታል። በአፕል የአገልግሎት አጠራር ቪንቴጅ ማለት ሽያጩ ከቆመ ከአምስት ዓመት በላይ ከሰባት ዓመት በታች የሆነው ዕቃ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው «ኦብሶሊት» ተብሎ የሃርድዌር አገልግሎቱ ይቋረጣል። ስለዚህ «ቪንቴጅ ማክ እንጠግናለን» የሚል ማስታወቂያ የስምንት ዓመት ላፕቶፕ ማለቱ ሊሆን ይችላል። የሞዴሉን ስም ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጠጋኝ ስልክ የሚሠራ ባለሙያ ነበር። እጁ የሰላ ነው፣ ከዚህ በጣም ያነሱ ክፍሎችን በየቀኑ ይቀይራል። 90 ዶላር ተቀብሎ ካፓሲተሮቹን ቀየረ። ማሽኑ ሲመለስ ጭራሽ ስክሪኑ አልበራም፣ ቦርዱም ላይ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። በኋላ ሲመረመር ሁለት ስሕተቶች ተገኙ።

አንደኛው ሙቀቱ ነው። አሮጌዎቹን ያወጣቸው በሙቅ አየር ነበር። የፈሰሰው ኬሚካል ከካፓሲተሩ እግር ሥር ያለውን ፓድ (እግሩ ሶልደር የሚደረግበትን ቀጭን መዳብ) ከቦርዱ ጋር የያዘውን ማጣበቂያ ያዳክመዋል፤ አዲስ የስልክ ቦርድ የሚችለውን ሙቀት ይህ ቦርድ አይችለውም። ሁለት ፓዶች ከነመስመራቸው ተነቅለው ወጥተዋል።

ሁለተኛው የዋልታ ነገር ነው፣ ይህን ማንም በካፓሲተር የሚሠራ ሰው ልብ ይበል። በአሉሚኒየም ጣሳው ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ኔጋቲቩን ያሳያል። እሱን ለመተካት በሚገባው፣ ታንታለም ከሚባል ብረት በተሠራው ካፓሲተር ላይ ያለው መስመር ደግሞ ፖዘቲቩን ያሳያል። ምልክቱን በምልክቱ ቦታ አድርጎ የገጠመ ሰው ገልብጦ ገጠመ ማለት ነው። የተገለበጠ ታንታለም ኃይል ሲያገኝ ይቃጠላል። እዚህ አንዱ ተገልብጦ ነበር፣ ሽታውም የሱ ነው።

ጠጋኙ ያጠፋው በቸልተኝነት አልነበረም፣ የሚያውቀው ሥራ ሌላ ስለሆነ ነው። በሚያውቀው ቦርድ ላይ የሠራውን ባልሠራበት ቦርድ ላይ ደገመው።

ሥራውን መከፋፈል

ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ ቆሞ አሰበ። በአንድ የዘመድ ለቅሶ ላይ ጉዳዩን የሰማ፣ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው አዛውንቱን «ማሽኑ ባይነሣ፣ ጽሑፉ ግን ቢገኝ ይበቃዎታል?» አላቸው። «ይበቃኛል፤ ዜና ዕረፍቶቹ አሉ እኮ እዚያ ውስጥ» አሉ። ሥራው በዚያው ቀን ወረቀት ላይ በአራት ተከፈለ።

ጽሑፉን ከሃርድ ዲስኩና ከፍሎፒዎቹ ማውጣት። የተጎዳውን ማዘርቦርድ መጠገን። ስክሪኑንና ኃይል ሰጪውን መፈተሽ። የድሮውን የአማርኛ ፊደል ዛሬ ወደሚነበብ መለወጥ።

እነዚህ አራት ሥራዎች አራት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፣ ሁሉንም የሚያውቅ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ቤተሰቡ እስከዚያ ድረስ የፈለገው ያንን ብርቅ ሰው ነበር። አራት ሰው መፈለግ ግን አንዱን ከመፈለግ ቀለለ።

ከማንኛውም ሥራ በፊት ማሽኑ ተከፈተ። አራቱ ብሎኖች ቲ-15 ቶርክስ የሚባሉት፣ በራሳቸው ላይ ኮከብ የመሰለ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። ሁለቱ እጀታው ውስጥ በጥልቅ ስለሚገኙ ዘንጉ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ካቻቢቴ ይጠይቃሉ። የስክሪኑ ቱቦ ከጠፋ በኋላም በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ይችላል። በሽቦ ከብረት አካሉ ጋር በተያያዘ፣ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከጎማው ቆብ ሥር ነክቶ ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ ይህን አይቶ የማያውቅ ሰው አይሞክረው። ከቱቦው አንገት ላይ የምትሰካውን ትንሽ ቦርድም ቀጥ አድርጎ በዝግታ መሳብ ነው። ወደ ጎን ከተገፋች አንገቱ ይሰበራል፣ አየር የገባበት ቱቦም አይመለስም።

ባትሪው ወጣ። እያንዳንዱ ኬብል ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ተነሣ። ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ለብቻው ተቀመጠ።

ጽሑፉን ማውጣት

ፍሎፒዎቹ ቀላል መስለው ነበር። ልጁ በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒ ማንበቢያ ገዝቶ ሞከረ፣ አንድም አልተነበበም። ዲስኮቹ ተበላሽተዋል ብሎ ሊጥላቸው ነበር። ምክንያቱ ሌላ ነው። የማኪንቶሽ 800 ኪሎባይት ፍሎፒ አጻጻፉ ከፒሲው ይለያል፤ ማኪንቶሹ ዲስኩን የሚያዞርበት ፍጥነት ከውጭኛው ክብ ወደ ውስጠኛው እየተቀየረ ይሄዳል። ተራ የዩኤስቢ ማንበቢያ የሚያውቀው የፒሲን አጻጻፍ ብቻ ስለሆነ ዲስኩ ባዶ ነው ይላል። 1.44 ሜጋባይቶቹ የማኪንቶሽ ዲስኮች ግን በፒሲ ድራይቭም ይነበባሉ።

መፍትሔው ግሪስዊዝል የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ነው። ከተራ የፒሲ ፍሎፒ ድራይቭ ጋር ተገናኝቶ በዲስኩ ላይ ያለውን የማግኔት ለውጥ እንዳለ ይቀዳል፤ ትርጉሙን በኋላ ሶፍትዌር ያወጣዋል። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ በእያንዳንዱ ዲስክ ጥግ ያለችው መከላከያ ተንሸራታ ቀዳዳው ይከፈታል (ቀዳዳው ክፍት ከሆነ አይጻፍበትም)። የብረት መዝጊያው ተገፍቶ ወለሉ በመብራት ይታያል። ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፣ ድራይቭ ውስጥ አይገባም። ሻጋታ ያለበት በጥጥ እንጨትና በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ብቻ ይነበባል። ሻጋታ ካለበት ዲስክ በኋላ የድራይቩ ማንበቢያ ራሱ ይጸዳል፤ አለዚያ ቆሻሻው ቀጣዩን ዲስክ ይቧጭራል። ከ62ቱ 53ቱ በመጀመሪያው ንባብ ወጡ፣ አምስቱ ከጽዳት በኋላ፣ አራቱ አልተመለሱም።

ሃርድ ዲስኩ ከባድ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ማኪንቶሾች ውስጥ የገቡት ዲስኮች የማንበቢያ ክንዱ የሚያርፍበት ትንሽ የጎማ መደገፊያ አላቸው። ጎማው በዕድሜ ብዛት ይለሰልስና እንደ ሙጫ ክንዱን ይይዘዋል። ዲስኩ እየዞረ ጠቅታው የጠፋው ለዚህ ነው። ልጁ ዲስኩን በእጁ መታ መታ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ አንድ ሰው ከለከለው። ክንዱ በጎማ የተያዘ ዲስክ ቢመታ ጎማው አይለቅም፣ የማንበቢያው ራስ ግን ወለሉን ሊፍቅ ይችላል።

የድሮ ዲስክ ብቻ የሚሠራ ሰው ተገኘ። ዋጋው 120 ዶላር፣ ባይሳካ 40። ዲስኩ ንጹሕ ቦታ ላይ ተከፈተ፣ ክንዱ ከጎማው ቀስ ተብሎ ተላቀቀ፣ ጎማው ላይ ቀጭን ማገጃ ገባ፣ ክዳኑ ተመለሰ። ከዚያ ብሉስካዚ ቪ2 ከሚባለው፣ የድሮ ሃርድ ዲስክ መቅዳትም መተካትም ከሚችለው መሣሪያ ጋር ተገናኝቶ ሙሉ ይዘቱ አንድ ፋይል ሆኖ ወደ ኤስዲ ካርድ ተቀዳ። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ከ82 ሺህ ያህል የዲስክ ክፍልፋዮች 11 አልተነበቡም። ዲስኩ ከዚያ ወዲህ ኃይል አልተሰጠውም። የተከፈተ ዲስክ በድጋሚ የሚሠራበት ተስፋ ትንሽ ስለሆነ አንድ ጊዜ ሲነሣ ሁሉንም መቅዳት ግድ ነው፤ «እስኪ ፋይሎቹን እንይ» ብሎ አንድ በአንድ መክፈት ዕድሉን ማባከን ነው።

ቅጂው ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድሮ ማኪንቶሽ ፋይል ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ ዳታው፣ ሌላው ሪሶርስ የሚባለው። ፋይሉ በተናጠል ወደ ዊንዶውስ ፍላሽ ሲገለበጥ ሁለተኛው ይቀራል። የፎንት ፋይል ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያለው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ስለሆነ መጠኑ ዜሮ ባይት ሆኖ ይገኛል። የአማርኛው ፎንት የጠፋበት ጽሑፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ነው። ስለዚህ የዲስኩ ሙሉ ቅጂ በሁለት ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ፣ በዛሬ ኮምፒውተር ላይ እንደ ድሮ ማኪንቶሽ በሚሠራ አስመሳይ ፕሮግራም ውስጥ ተከፈተ። የዕድሩ መጽሔት የ1991 እትም ስክሪን ላይ ሲታይ ማሽኑ ራሱ ገና ሞቶ ነበር።

ማዘርቦርዱ

ሦስተኛው ጠጋኝ የተገኘበት መንገድ ለሌላም ይጠቅማል። በኒው ጀርዚ፣ ዎል በሚባለው ቦታ ባለው የኢንፎኤጅ ሙዚየም ግቢ በየዓመቱ፣ ብዙ ጊዜ በኤፕሪል፣ ቪንቴጅ ኮምፒውተር ፌስቲቫል ኢስት ይካሄዳል። ከዋሽንግተን በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልጁ እዚያ ሄዶ «ማን ይጠግናል?» ብሎ አልጠየቀም። የሚሠራ ኤስኢ/30 ካስቀመጡ ሰዎች ዘንድ እየቀረበ «ይህን ቦርድ ማን ሠራልህ? ከተሠራ ስንት ዓመት ሆነው?» ነው ያለው። ሦስት ሰዎች አንድ ስም ጠሩ። ጠጋኝ ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ከሦስት ዓመት በፊት የሠራው ቦርድ ዛሬም መሥራቱ ይበልጥ ያሳምናል።

ከመላኩ በፊት በስልክ የተጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ይህን ሞዴል ስንት ጊዜ ሠርተሃል፣ የበፊትና የኋላ ፎቶ ታሳየኛለህ? አሮጌዎቹን በምን ታወጣለህ? ከወጡ በኋላ ቦርዱን በምን ታጥባለህ? የተነቀለ ፓድና የተበላ መስመር በምን ዋጋ ትሠራለህ? ሠርተህ ስትጨርስ በምን ትፈትናለህ? የመጨረሻው ጥያቄ ይለያል። የራሱ የሚሠራ ኤስኢ/30 አካል ያለው ጠጋኝ ቦርዱን ገጥሞ፣ ለሰዓታት አብርቶ ሊልከው ይችላል። የሌለው ሰው «ሶልደሩ ጥሩ ነው» ከማለት አያልፍም።

ማሽኑ አልተላከም፣ ቦርዱ ብቻ ተላከ። ቱቦ ያለው ኮምፒውተር በፖስታ ሲላክ አንገቱ የሚሰበርበት፣ አሮጌው ፕላስቲክ የሚሰነጠቅበት ዕድል ሰፊ ነው። ቦርዱ ፀረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ በአረፋ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ካርቶን ውስጥ ካርቶን ሆኖ ሄደ። ባትሪው አብሮ አልሄደም።

ጠጋኙ ያደረገው፦ ሁለተኛው ሰው የገጠማቸውን ካፓሲተሮች ሁሉ አወጣ፣ ቦርዱን አጠበ፣ አደረቀ። የተነቀሉት ሁለት ፓዶች የሚገናኙበትን ቦታ ከቦርዱ ንድፍ አግኝቶ በቀጭን ሽቦ አገናኘ። ከዚያ ካፓሲተሮች አጠገብ ያለውን እያንዳንዱን መስመር በመልቲሜትር ተከታተለ። ሌሎች ሦስት መስመሮች በዓይን ሙሉ መስለው ውስጣቸው ተበልቶ ተገኙ። አግድም መስመሩን ያመጣው ከነሱ አንዱ ነበር። ካፓሲተሮቹ ብቻ በትክክል ቢቀየሩም ኖሮ ማሽኑ አይነሣም ነበር ማለት ነው። ብዙ ሰው «ካፓሲተር አስቀየርኩ፣ አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ነው፦ ካፓሲተሩ የፈሰሰው ነው፣ የተበላው ግን መስመሩ ነው።

165 ዶላር እና 40 ዶላር የፖስታ አስከፈለ። አምስት ሳምንት ፈጀ። የወጡትን ክፍሎችና የሽቦዎቹን ቦታ የሚያሳይ ፎቶ አብሮ ላከ። ቦርዱ ሲገጠም ደወሉ ተሰማ።

ስክሪኑ

ደወሉ ቢሰማም ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሣጥኑ ጎኑን መታ ሲደረግ ምስሉ አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ ይሰበሰባል፣ እንደገና ሲመታ ይከፈታል። ቦርዱን የሠራው ሰው የቱቦ ሥራ አልሠራም አለ።

ይህን የፈታው የሰፈሩ ሰው ነው። ቤተሰቡ በሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ፣ አዲስ አበባ ለረጅም ዓመት ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ አባት አሉ። ማኪንቶሽ ከፍተው አያውቁም። ነገሩ ሲነገራቸው ግን «ጎኑን ሲመቱት የሚመለስ ከሆነ ሶልደሩ ተሰንጥቋል» አሉ፣ ገና ሳያዩት። የማኪንቶሹ አናሎግ ቦርድ በአሠራሩ የትንሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ቦርድ ነው። ወደ ቱቦው መጠምጠሚያ የሚሄደው ሽቦ የሚሰካበት ቦታ በሙቀትና በቅዝቃዜ ብዛት በእግሮቹ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። አባት በአጉሊ መነጽር አዩት፣ አሮጌውን ሶልደር መጠው አወጡ፣ በአዲስ ሞሉት። ባለው ላይ መጨመር ብቻ ለጊዜው ይይዛል እንጂ አይዘልቅም ይላሉ።

ከዚያ ቮልቴጁ ተለካ፣ ማሽኑ በርቶ፣ በሃርድ ዲስኩ የኃይል መሰኪያ ላይ፤ ቀይ ሽቦ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12። ቀዩ 4.7 ነበር፣ ይህም ዝቅ ያለ ነው። በማስተካከያው ወደ 5.0 ተመለሰ። ቦርዱ ሳይገጠም፣ ባዶውን መለካት አያስተማምንም፤ ኃይል ሰጪው ጭነት ሳይኖርበት ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

የሠሩበትን ዋጋ አልቀበልም አሉ።

የቱቦ ሙያ ያላቸው ሰዎች በአብዛኛው ጡረታ ላይ ናቸው፣ ራሳቸውንም የኮምፒውተር ጠጋኝ ብለው አያስተዋውቁም። ዕድርና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጠየቅ ኢንተርኔት ላይ ከመፈለግ ይልቅ ሊቀርብ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን መሰል ማሽን ላለውም ሰው የድሮ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጥሩ መነሻ ነው። እዚያ ግን አስቀድሞ ከማሽኑ ጀርባ ያለው የቮልት ጽሑፍ ይነበብ። ከአሜሪካ የመጣ የድሮ ዕቃ ሁሉ 220 ቮልት ይችላል ማለት አይደለም።

ፊደሉ

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል አንድ ወጥ ቁጥር በሚሰጠው ስምምነት) ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ በ1999 ነው። የዕድሩ መጽሔት ግን በ1997 ተቋርጧል። ስለዚህ ጽሑፉ በሙሉ የተጻፈው እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሎቹን በፈለገው ቁጥር ላይ ባስቀመጠበት ዘመን ነው። አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ አለው፣ ከነዚያም ሁሉም አይገኝም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። በዚህ ጽሑፍ ፊደሉ በሁለት ፎንት ተከፍሎ ነበር። ያው አንድ ቁጥር በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ነው።

ስለዚህ ጽሑፉን ያለ ፎንት መረጃ ማስቀመጥ ጽሑፉን ማጥፋት ነው። አስመሳዩ ፕሮግራም ውስጥ ባለው የድሮ ጽሑፍ ማዘጋጃ በኩል በአርቲኤፍ ተቀመጠ፣ አርቲኤፍ የየትኛው ቃል ፎንት የትኛው እንደሆነ ስለሚጽፍ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፎንት የእያንዳንዱ ቁጥር ቅርጽ ታትሞ፣ አጠገቡ የዩኒኮድ ፊደሉ ተጽፎ ሠንጠረዥ ወጣ። በሠንጠረዡ መሠረት የሚለውጥ አጭር ፕሮግራም ተጻፈ። ሠንጠረዡ ሦስት ምሽት ፈጀ፣ ፕሮግራሙ አንድ ሰዓት።

እርማቱን አዛውንቱ ራሳቸው ሠሩ። «ፀሎት» እና «ጸሐይ» የሚል ደጋግመው ሲያዩ «እኔ እንዲህ አልጽፍም» አሉ፤ በሠንጠረዡ ላይ የጸ እና የፀ ረድፎች ተለዋውጠው ነበር። አራት ነጥብ በሁለት ሁለት ነጥብ (፡፡) ተተይቦ ስለነበር ሁሉም ወደ «።» ተለወጠ። ይህን ዓይነት ስሕተት የሚያየው ጽሑፉን የጻፈው ወይም ፊደሉን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንባቢ ነው። ጽሑፉን የሚያስለውጥ ሰው ይህ አንባቢ ገና በሕይወትና በጤና እያለ ይቸኩል።

ያልተሳካው

አራት ፍሎፒዎች አልተነበቡም። ከነሱ ሦስቱ ላይ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይም ስለነበረ ተገኝቷል። አንደኛው፣ የ1993 ሁለተኛ እትም የነበረበት፣ ጠፍቷል። ከአባላት ቤት የታተመ ቅጂ እየተፈለገ ነው።

የማሽኑ ፍሎፒ ድራይቭም አልተመለሰም። በውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ ሙጫ ሆኗል፣ ዲስክ የሚያስወጣው የፕላስቲክ ጥርስም ተሰባብሯል። ችግሩ የታወቀው አንድ ዲስክ ገብቶ አልወጣ ሲል ነው፤ ልጁ በፒንሳ ሲስበው የላይኛው ማንበቢያ ከማቀፊያው ተገነጠለ። የድሮ ማኪንቶሽ ድራይቭ ውስጥ ዲስክ ከተያዘ አይሳብ። ድራይቩ ወጥቶ፣ ተፈትቶ፣ ማንሻዎቹ በአልኮል ታጥበውና አዲስ ግራሶ ተቀብተው ዲስኩ በራሱ ይነሣል። ጥርሱ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል፤ የተገነጠለ ማንበቢያ ግን ሌላ ድራይቭ ፈልጎ መተካት ነው።

ወጪው

በድምሩ የወጣው ለስልክ ጠጋኙ 90፣ ለሃርድ ዲስኩ 120፣ ለማዘርቦርዱና ለፖስታው 205፣ በጠቅላላ 415 ዶላር ነው፤ የፍሎፒ ማንበቢያዎቹና የፌስቲቫሉ መንገድ አልተቆጠሩም። ጽሑፉ ብቻ ተፈልጎ ቢሆን ኖሮ የሃርድ ዲስኩ 120 ዶላርና አንድ ግሪስዊዝል ይበቃ ነበር፤ ቦርዱም ሳይቸኩል፣ ሳይጎዳ ይጠብቅ ነበር።

ማሽኑ ዛሬ የሚነሣው ከብሉስካዚው ኤስዲ ካርድ ነው፤ በካርዱ ላይ ያለው የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ ነው፣ ፎንቶቹም ፋይሎቹም እንደነበሩ። አሮጌው ዲስክ የተከፈተበት ቀን ተጽፎበት ፀረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል። አዛውንቱ ማሽኑን በወር አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያበሩታል። የባትሪው ቦታ ባዶ ስለሆነ ሰዓቱ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይነሣል፣ አላስተካከሉትም።